ጥቁር ድንጋይ ላይ ነጭ ወፍ፦ የጣና ዳርቻ ፎቶ

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የጣና ዳርቻ፣ ማለዳ]

ሰላም ወዳጆች። ያለነው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ድንጋዩ ላይ ያለውን ፔሊካን እዩትማ። በዓይን ሲያዩት እንዴት ያምራል! ፎቶው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ መስሎ ይወጣል። ላባው የለም፤ ነጭ ብቻ ነው።

ለምን? ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። የዚህ ዳርቻ ድንጋይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ዓለት ነው። ካሜራው ጥቁሩን ያይና ብርሃን ይጨምራል። ድንጋዩ ይፈካል፣ ላባው ይቃጠላል። የተቃጠለ ነጭ ኮምፒውተር ላይ ምንም ቢደረግ አይመለስም።

ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ለላባው ስጡት። የኤክስፖዠር ማስተካከያውን (+/-) ማይነስ 1 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ፀሐይዋ ከበረታች ከዚያም ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉሉና የወፉን ደረት ተመልከቱ። ላባ ከላባ ከተለየ በቃ። ድንጋዩ ቢጨልም አትጨነቁ። ብቻ በሮው (RAW፣ ካሜራው የቀረጸውን ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንሡ፤ ጨለማው ውስጥ ያለውን የሚያስቀርላችሁ እሱ ነው።

[ምስል፦ ክንፉን የዘረጋ ኮርሞራንት]

ኮርሞራንት ከሚባሉት ዓሣ አዳኝ ወፎች ትንሹ ዓይነት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወፉ ጥቁር፣ ከኋላው ውሃው ያብረቀርቃል። እዚህ ፕላስ 1 ያስፈልጋል። ትልቁ ኮርሞራንት ግን ደረቱ ነጭ ስለሆነ ፕላስ ስትሉ ደረቱን ተጠንቀቁ። ሁለቱም ዓሣ ሲያድኑ ላባቸው ውሃ ይጠጣል። ለዚህ ነው ድንጋይ ላይ ወጥተው ክንፋቸውን የሚያደርቁት። ቶሎ አይሄዱም። በርከክ በሉና ሌንሱን ከዓይናቸው ቁመት ጋር አስተካክሉ። የትንሹ ዓይን ቀይ፣ የትልቁ አረንጓዴ ነው። ፎከሱ ዓይኑ ላይ ካላረፈ ፎቶው ሕይወት የለውም።

የሹተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ፣ ቆሞ ላለ ወፍ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚበር 1/2000።

ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ከከተማው በኩል ወደ ሐይቁ ስታዩ ብርሃኑ ከቀኝ ጀርባችሁ ይመጣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወፍ ለማስበረር ድንጋይ አትወርውሩ። ያረፈው ደክሞት ነው፤ ወይም ላባውን እያደረቀ ነው። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያጸዱበት አካባቢ ታግሳችሁ ቁሙ፤ ፔሊካኖቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

[ምስል፦ የኮምፒውተር ስክሪን፣ ላይትሩም]

አሁን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ኤዲቲንግ። መጀመሪያ ሀይላይቱን (ብሩሁን ክፍል) ዝቅ፣ ቀጥሎ ሻዶውን (ጨለማውን ክፍል) ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ድንጋዩ ጥቁርነቱን እስኪያጣ ግን አትግፉት፤ የወፉ ነጭነት የሚጎላው በእሱ ነው። የውሃው መስመር ካዘነበለ አቅኑት።

ቀለሙ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ፔሊካን በመራቢያው ወቅት ላባው ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይታያል። ኋይት ባላንስ (የፎቶውን የቀለም ሚዛን) ስታስተካክሉ ወፉን ንጹሕ ነጭ ላድርገው ብላችሁ ይህን ሮዝ አታጥፉት። የወፉ የራሱ ቀለም ነው።

ሻርፕነሱን (ጥራት ማጉያውን) በማስክ፣ ማለትም ወፉን ብቻ በመምረጥ፣ ለእሱ ብቻ ስጡት። ውሃው ላይ ካረፈ የፎቶውን ብናኝ (ኖይዝ) ነው የሚያበዛው። ፎቶውን ስትለጥፉ ደግሞ፣ ወፉ ጎጆው ላይ ከሆነ ትክክለኛ ቦታውን አትጻፉ።