ሰዴት፣ ሰገል፣ ኩዳን

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ደህና ናችሁ? ጅማ ዝናብ ላይ ነች። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ከተሰማችሁ ታገሱኝ። ዛሬ የቤት ኪራዩን ክፍል ሁለት እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ይቆየን። ከእሁድ ወዲህ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም ብሏል።

የጋሽዬ ነገር ነው፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ያለው። እግራቸው ደህና እየሆነ ነው፣ ተመስገን። ቀኝ እጃቸው ግን ገና ነው። ንግግሩም ያው ነው፤ "እሱ... እሱ..." ብቻ። ውሃም እሱ ነው፣ ሬዲዮም እሱ ነው፣ እኔም እሱ ነኝ።

እሁድ ቡና ተፈልቶ ቤቱ ሞልቷል። ከመርካቶ በኩል የመጣች አንዲት ዘመድ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ክፋት የላትም። ግን ምን ብትል ጥሩ ነው? "አሁን ሰው ይለያሉ?" ጆሯቸው ሥር! ጋሽዬ ሲኒውን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ቀስ ብለው አስቀመጡትና ቀና ብለው አዩዋት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ቡና ሲነግዱ ሚዛን የሚያጭበረብር ሰው የሚያዩበት ነው።

ሰምተዋል እኮ! አንጎል ውስጥ መስማትና መናገር አንድ ቦታ አይደሉም። መስማት በጆሮ በኩል ያለው ክፍል ሥራ ነው፣ ቴምፖራል ሎብ የሚሉት። ቃሉን ፈልጎ፣ አሰናድቶ፣ ከአፍ የሚያወጣው ደግሞ ከግንባር ጀርባ፣ ፍሮንታል ሎብ ላይ ነው። በአብዛኛው ሰው በግራ በኩል። የግራው አንጎል ቀኝ እጅን ስለሚያንቀሳቅስ ነው የጋሽዬ ንግግርና ቀኝ እጅ አብረው የተያዙት። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ብሮካ የሚባል ሐኪም ያየው ሌቦርኝ የሚባል ሕመምተኛ ነበር። "ታን" ከማለት በቀር ብዙም አይወጣውም፤ የሚሉትን ግን ይረዳል። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ የተጎዳው የግራው የፊት ክፍል ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ የኛን "እሱ" ነው የሰማሁት።

በ1874 ደግሞ ቬርኒከ የተባለው ጀርመናዊ የዚህን ተቃራኒ ጻፈ። የግራው ቴምፖራል ሲጎዳ ሰውየው ሳይደናቀፍ ያወራል፤ ወሬው ግን ትርጉም የለውም፣ የሚሉትንም በደንብ አይረዳም። ዓይን ደግሞ ከፊት ሆኖ ማየት የሚሠራው ከኋላ፣ ማጅራት በላይ ነው፤ ኦክሲፒታል። ይሄ ሁልጊዜ ይገርመኛል። መሃል አናት ላይ ያለው ፓሪየታል ደግሞ መዳሰስን፣ ሲኒው ከእጅ ምን ያህል እንደሚርቅ... ቆይ፣ ወዴት እየሄድኩ ነው። እሁድ።

ማሙሽ ረከቦቱ ጋ ሲኒ ይቆጥራል። ትምህርት ቤት የተማረውን፣ በኦሮምኛ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀአ፣ ቶርባ... ቶርባ ላይ ጠፋው። ቶርባ... ቶርባ... ከወዲያ ጥግ ወፈር ያለ ድምፅ መጣ። "ሰዴት፣ ሰገል፣ ኩዳን።"

ጋሽዬ! ጥርት ብሎ! ድሮ ጆንያ ሲያስቆጥሩ በሚሉበት ዜማ። ቤቱ ጸጥ አለ። እቴቴ እልል አለች። እኔ እንባዬ መጣ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ከዚያ እቴቴ፣ በደስታ ነው፣ ተጠግታ "ጋሽዬ፣ እስቲ ሰዴት ይበሉ" አለቻቸው። አፋቸው ተከፈተ። ከንፈራቸው ያንን ድምፅ ሊሠራ ሲሞክር ይታየኛል፣ ምላሳቸው ጥርሳቸውን ይነካል፣ ግንባራቸው ላብ አወጣ። "እሱ..." ከደቂቃ በፊት ያሉትን ቃል! ማሙሽ እንደገና ከቶኮ ሲጀምር አብረውት እስከ ኩዳን ደረሱ። ሰዴት ብቻዋን ስትጠየቅ ግን የለችም።

ይሄ የታወቀ ነው። ቁጥር፣ የቀናት ስም፣ አባታችን ሆይ፣ ዘፈን፤ በተርታ የተለማመድነው ነገር ንግግር ከጠፋም በኋላ ሊቀር ይችላል። ሌላ የአንጎል ክፍል ይይዘዋል፣ ቀኙም ያግዛል ይላሉ። በዜማ የሚያናግሩበት ሕክምናም አለ። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ያቺን ሰዴት ያሉት ጋሽዬ ናቸው ወይስ ልማዱ ብቻ? ልጁ ቸገረው ብለው ሊረዱት ፈልገው ከሆነ... እሳቸው ናቸው ማለት ነው። አፋቸው ዝም ብሎ ተከትሎ ከሆነ ግን... አይ። ዓይናቸው ማሙሽ ላይ ነበር። ወይስ እኔ እንደዚያ እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው?

እና በናታችሁ፣ ፊቱ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተሳሰረ ሰው ካያችሁ ሌላውን ትታችሁ ወዲያው ሆስፒታል። ሰዓቱ ነው ዋናው። ደግሞም ፊቱ ቁጭ ብላችሁ ስለሱ እንደሌለ ሰው አታውሩ። ይሄ ያበሳጨኛል፣ አሁንም ያበሳጨኛል።

ነገ በቀናቱ ስም ልሞክር አስቤያለሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ ብዬ ረቡዕን ለሳቸው መተው። ግን ያን ላብ ሳስብ... ስንት ሠራተኛ ያስተዳደሩ ሰው፣ እንደ ተማሪ ሲጠየቁ... እሳቸው ራሳቸው ይፈልጉ እንደሆነስ እንዴት ነው የምጠይቃቸው? አዎ ለማለት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ግን አንዳንዴ አይደለም ለማለትም ይነቀንቃሉ፣ እና...