የጤና መድን እርካታ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ሲታይ

የተከበራችሁ የጤና መድን ባለሙያዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ከጣና ዙሪያ ቀበሌዎች ተጉዛችሁ ባሕር ዳር የተገኛችሁ አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው፤ «ረክቻለሁ» ስለሚለው።

ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት የመድን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ዝናብ እንዳይነካው በጋቢያቸው ሥር ሸሽገው ወደምሠራበት መስኮት መጡ። ከታዘዙላቸው ሦስት መድኃኒቶች በእጃችን የነበረው አንዱ ብቻ ስለሆነ የቀሩትን ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዙ ነገርኳቸው። «ተመስገን ልጄ፣ ይህም አልቀረብኝ» ብለው መርቀውኝ ወጡ። በር ላይ የእርካታ መጠይቅ የያዘች ልጅ ስትጠይቃቸውም ያሉት ይህንኑ ነው፤ እሷም «በጣም ረክተዋል» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ምን ታድርግ፣ ቅጹ ላይ «ተመስገን» የሚል ሳጥን የለም።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች መሞከር ሲጀምር የጣና ጎረቤታችን ፎገራ አንዷ ነበረች። ቀድሞ ላም ሸጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ ይታከም የነበረ ገበሬ፣ ዛሬ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ ቤተሰቡን ሁሉ ሲያሳክም ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ምስጋናውን ወስደን የመድኃኒት አቅርቦት ምስክር እናደርገዋለን።

የግል መድን ያላቸው በአብዛኛው አሠሪያቸው በቡድን የገባላቸው የባንክና የድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ሐኪም ቤት ያማርጣሉ፣ ወረፋቸውም አጭር ነው፤ ሆኖም የዓመቱ ሽፋን ጣሪያ ስላለው፣ አንዳንዱም አስቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ ስለሚመላለስ፣ ከሚመለስለት ገንዘብ ሃምሳ ብር ብትጎድል ያውቃታል፣ ይናገራልም። የእነዚህንና የማኅበረሰብ አቀፍ መድን አባላትን የእርካታ መጠይቆች ጎን ለጎን አስቀምጠን «ገበሬው ይበልጥ ረክቷል» ብንል፣ ያነጻጸርነው አገልግሎቱን ሳይሆን ሰዎቹ የለመዱትን ነው። ለደመወዝተኛ ሠራተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል በመቆየቱ፣ ከኪሱ እየከፈለ የኖረው መምህርማ ከመጠይቁም ውጭ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ታካሚውን «ረክተዋል?» ከማለታችን በፊት ስንት መድኃኒት እንደታዘዘለትና ስንቱን ይዞ እንደወጣ፣ ለቀሪውም ከኪሱ ስንት እንዳወጣ እንመዝግብ፤ የግሉንም መድን ደንበኛ ይህንኑ እንጠይቅ። በእኔ መስኮት ከሚቀጥለው የአባላት ምዝገባ በፊት መጀመር ይቻላል። መዝገቡም እስክሪብቶውም አለ፤ የጎደለው ዓምዱን አስምሮ እንዲሞላ የሚያዝ ደብዳቤ ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ።