የክንፍ አሠራርና አገጣጠም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ የደወሉ አድማጭ፣ «ፀሐይ» አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ከተመለሰች ወዲህ ቀላል አውሮፕላን በእንጨት መሥራት እንደጀመሩ ገልጸው፣ የክንፉን ዋና ተሸካሚ፣ ማለትም ስፓሩን፣ ከባሕር ዛፍ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ንድፉ የተሰላው በስፕሩስ፣ ማለትም የጥድ ዘመድ በሆነው ቀላል እንጨት፣ ከሆነ አያድርጉት። ባሕር ዛፍ ቤት በማቆም ብዙ ያገለገለን ጠንካራ እንጨት ነው፤ ነገር ግን ስፕሩስ በሜትር ኩብ ከ400 ኪሎ ግራም ብዙም ሳይርቅ፣ ባሕር ዛፍ ደርቆም 700ን ያልፋል። ክሩ፣ ማለትም የእንጨቱ ቃጫ፣ ብዙ ጊዜ እየተጠማዘዘ ስለሚያድግም ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የስፓር እንጨት ክር ግን በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ማፈንገጥ የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ እዚህ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ የመነሻውን ርቀት ያስረዝማል።

ሌላ አድማጭ የክንፉን የዳክሮን ልባስ፣ ማለትም በሙቀት የሚኮማተረውን ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ በቤት ካውያ መወጠር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ይሁንና የካውያው መቆጣጠሪያ አይታመንምና ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምረው ደረጃ በደረጃ ከፍ ያድርጉት እንጂ 175ን አይለፉ።

ከካዛንችስ የደወሉት ደግሞ ክንፉ ከላይ የሆነ፣ በደጋፊ ዘንጎች የተያዘ አውሮፕላን እየገጣጠሙ ሳለ፣ ጫፉ ላይ የግራው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ከቀኙ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ አግኝተውታል። «ይህ ያሳስባል ወይ?» ይላሉ።

በእርግጥ ያሳስባል። ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 1.20 ሜትር ስፋት ባለው ክንፍ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት ነው፤ የግራው ክንፍ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን አንሶ የሚያነሣው ክብደት ስለሚያንስ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይጋደማል፣ አብራሪውም በረራውን ሙሉ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ ይደክማል። የክንፉ ጫፍ ከሥሩ፣ ማለትም ከአካሉ ጋር ከሚጋጠምበት፣ ባነሰ ማዕዘን የሚቀመጠው ስቶል፣ ማለትም ክንፉ ማንሣት የሚያቅተው ሁኔታ፣ ከሥሩ እንዲጀምርና ኤይለሮኑ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያጋድመው የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ እስከ መጨረሻው እንዲታዘዝ ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ካልተመሳሰሉ ግን አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቃል። ለዚህም ኤይለሮኑ ላይ ቆርቆሮ መለጠፍ መፍትሔ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የአውሮፕላኑን አካል በውሃ ልክ ርዝመቱንም ስፋቱንም ያስተካክሉ፤ ይህ ሳይሆን የሚወሰድ ልኬት ሁሉ ያሳስታል። ቀጥለው ከጫፍ እስከ ጫፍ በፊተኛው ስፓር ላይ ሲባጎ ይወጥሩ። ንድፉ ለእያንዳንዱ ክንፍ 1 ዲግሪ ሽቅብታ፣ ማለትም ክንፉ ወደ ጫፉ ከፍ የሚልበት ማዕዘን፣ ካዘዘና የአንዱ ክንፍ ርዝመት 4.5 ሜትር ከሆነ፣ ሲባጎው ክንፉ ከአካሉ ጋር ከሚጋጠምበት 78 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መገኘት አለበት፤ ይህን በፊተኛው ዘንግ ያስተካክላሉ። ከሁለቱ ጫፎች ቱምቢ ጥለው እስከ ጭራው ያለውን ርቀትም በሁለቱም ጎን ያመሳክሩ። የክንፉ ጠመዝማዛ፣ ማለትም የኋላ ጠርዙ ከፍታ፣ የሚስተካከለው በመጨረሻ፣ በኋለኛው ዘንግ ነው፤ የግራውን ዘንግ የብሎን ጥርስ ያለውን ጫፍ በግማሽ ዙር፣ በግማሽ ዙር እያዞሩ በማሳጠር ደጋግመው ይለኩ።

በዚህ ሁሉ ላይ እኔ አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። የዘንጉ ጫፍ ላይ ቀጭን ቀዳዳ አለች፤ ማስተካከሉ ሲያበቃ ቀጭን ሽቦ ያስገቡባት። ሽቦው ወዲያ ማዶ ካለፈ፣ ወደ ዘንጉ የገባው የብሎን ጥርስ በቂ አይደለምና ሌላው ልኬት ሁሉ የሰመረ ቢሆንም አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሣ።