ልጁን እየጎዳው ያለው ቫይረሱ ነው ወይስ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ርእሳችን ስሙ ረጅም የሆነ የሕፃናት በሽታ ነው፤ ሄሞፋጎሳይቲክ ሊምፎሂስቲዮሳይቶሲስ። ሐኪሞች አሳጥረው ኤች ኤል ኤች ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንበለው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ካጋጠመና ካልታከመ ግን ይገድላል።

ነገሩ እንዲገባን ወደ አንድ የገጠር መንደር እንሂድ። ሌሊት ነው። ጅብ በረት ገባ። የቤቱ እማወራ «ኡኡ!» አለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ወጣ። ጅቡ ተመታ፣ ሞተ፣ ኡኡታው ቆመ፣ ሰውም ወደየቤቱ ገባ። ልጅ ታሞ ሲድን በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የጎረቤቱ ዱላ ሁሉ ቄጠማ ቢሆንስ? ጅቡ ይመታል፣ አይሞትም። ጅቡ አልሞተምና ኡኡታው አይቆምም። ኡኡታው አልቆመምና ከማዶ መንደር ሌላ ሰው ይመጣል፤ ከዚያም ማዶ ሌላ። በጨለማው አጥሩ ፈረሰ፣ ጓሮው ተረገጠ። የመጣው ሰው ደግሞ ራበው፤ የቤቱን ላም አርዶ መብላት ጀመረ። ልብ በሉ! ላሟን የበላት ጅቡ አይደለም። ሊያድናት የመጣው ነው።

ጅቡ ቫይረሱ ነው። ኡኡታው ሳይቶካይን ነው፤ የመከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ኬሚካል። ዱላው ፐርፎሪን ነው፤ ገዳይ ሴሎች በቫይረስ የተያዘውን ሴል የሚበሱበት ፕሮቲን። ላም አራጆቹ ማክሮፌጆች ናቸው፤ ጀርም የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች። አሁን ግን የልጁን የራሱን የደም ሴሎች ይውጣሉ። አንዳንዱ ልጅ የተበላሸውን ዱላ ከወላጆቹ ይወርሳል፤ የፐርፎሪን ዘረ መል ከበሽታው ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሌላው ደህና ሆኖ ኖሮ ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ሲይዘው ይጀምረዋል። ይህ ቫይረስ በምራቅ የሚተላለፍና አብዛኛው አዋቂ በሰውነቱ የያዘው ነው፤ ኤች ኤል ኤች የሚያስከትለው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉልኝን ማንሳት አለብኝ፦ «መከላከያው ደክሞ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ ይሰጠው፤ ያጠነክረዋል።» አይደለም! የሚገድል ክንዱ መድከሙ እውነት ነው፤ የሚጮኸው ጉሮሮው ግን ከልክ በላይ በርትቷል። ልጁን እየጎዳው ያለው ይህ ብርታት ነው። ለዚህም ነው ሕክምናው መከላከያውን የሚያረጋጋ የሆነው፤ ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜም ኢቶፖሳይድ። ኢቶፖሳይድ የካንሰር መድኃኒት ነው። ወላጅ ይህን ሲሰማ «ልጄ ካንሰር የለበትም» ብሎ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። እባካችሁ ግን በዚህ ምክንያት ሕክምናውን አታቋርጡ። እዚህ የሚሰጠው ያበዱትን ሴሎች ለመቀነስ ነው። የተበላሸ ዘረ መል ለወረሰ ልጅ ደግሞ ዘላቂው መፍትሔ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው።

«ደም አንሶታል፣ የብረት እንክብል ይሰጠው» የምትሉም አላችሁ። የብረት ክምችት የሚለካበት ፌሪቲን የሚባል ምርመራ አለ። ብረት ባነሰው ልጅ ይወርዳል። በኤች ኤል ኤች ግን ይተኮሳል፤ ከመመርመሪያ መስፈርቶቹ አንዱ በሚሊሊትር 500 ናኖግራምና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው፣ ብዙ ሺሕም ይደርሳል።

ምልክቶቹ የማይለቅ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ መገርጣት፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ ደም ናቸው። ወባም፣ የደም ካንሰርም ይህን ይመስላሉ፤ ስለዚህ ቤት ተቀምጦ መገመት አይቻልም።

በእኛ አገር ከሁሉም በላይ መታሰብ ያለበት ግን ካላ አዛር ነው። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ እንጂ ቫይረስ አይደለም፤ ሆኖም ኤች ኤል ኤችን ይመስላል፣ ራሱም ያስነሣዋል። መንስኤው እርሱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ተውሳኩን የሚገድለው ሊፖሶማል አምፎተሪሲን የሚባል መድኃኒት ይበቃል፤ ኢቶፖሳይድ ላያስፈልግ ይችላል። ልጁ ካላ አዛር ባለባቸው እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቦታዎች ቆይቶ ከነበረ፣ ከወራት በፊትም ቢሆን፣ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ ንገሩት።