«በጣም ያምራል» አሉኝ፤ ማዘዝ ግን አልቻሉም

(ምስል፦ ስልክ በቅርበት። አንዲት አውራ ጣት ሮዝ በተን (የሚነካ ቁልፍ) ላይ ልትደርስ ስትል ትመለሳለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች፣ እንደገና ወደ ላይ።)

ይህች ጣት የአንዲት እናት ናት። ያለነው አራት ኪሎ፣ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ነው። ስልኩን ከያዙ 4 ደቂቃ አልፏል፤ ማኪያቷቸው ቀዝቅዟል። የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለልጅ ልጅዎ ልደት ኬክ ይዘዙ።» አላዘዙም። ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝና «በጣም ያምራል ልጄ፣ በርታ» አሉኝ።

ሁለት ወር የደከምኩበት ዌብሳይት ነው። ምርቃቱን ተቀብዬ ብሄድ ኖሮ ጥሩ ውጤት አገኝበት ይሆናል፤ ኬክ ቤቱ ግን አንድም ትዕዛዝ አያገኝበትም ነበር።

(ምስል፦ ርዕሱ ይወጣል። ከኋላው የአራት ኪሎ ሐውልት፣ ሚኒባሶች።)

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተሰጠን ፕሮጀክት እንዲህ ይላል፦ አንድ ትንሽ ንግድ ምረጡ፣ ዌብሳይት ዲዛይን አድርጉለት፣ ከዚያ በተጠቃሚዎች ሞክሩት። የመጨረሻዋን ነገር ብዙዎቻችን እንዘላታለን። ለጓደኛ እናሳያለን፣ ጓደኛ «አሪፍ ነው» ይላል፣ እናስረክባለን። ዛሬ የማወራው ስለተዘለለችው ነው። ዲዛይኑን ግን ጨርሶ አልተወውም፣ ምክንያቱም ግማሹ ጥፋት የተሠራው እዚያ ነው።

(ምስል፦ የተሰረዘ የእርሳስ ንድፍ። «ስለ እኛ»፣ «ራእይ»፣ «ተልእኮ»።)

ይሄ የመጀመሪያ ንድፌ ነው። ራእይና ተልእኮ አለው። ደውሎ የኬክ ቤት ራእይ የጠየቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ይህ የገባኝ ባንኮኒው ጥግ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ስልክ ሲመለስ ካዳመጥኩ በኋላ ነው። የኬክ ቤቱ ባለቤት አንድ ደብተር አለቻቸው፣ ትዕዛዝ የሚጽፉባት። የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ኪሎው ስንት ነው? ለነገ ይደርሳል? ስም ይጻፍበታል? የት ጋ ናችሁ? ቀብድ በቴሌብር ይሆናል? በቃ። ዌብሳይቱ ለእነዚህ አምስት ጥያቄዎች መልስ መሆን ነበረበት፣ በዚያው ቅደም ተከተል።

ከዚያ በወረቀት። አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት እጠፉት፤ ከስልክ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ለመጀመሪያ ንድፍ በቂ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ስክሪን ነው። የሚሞክረው ሰው በጣቱ «እዚህ ጋ እነካለሁ» ሲል ቀጣዩን ወረቀት ትሰጡታላችሁ። ፊግማ (በኮምፒውተር ስክሪን የሚነደፍበት ፕሮግራም) በኋላ ይደርሳል። በእርሳስ የተሳለን ነገር ሰው ለመተቸት አይፈራም፤ ያማረ ስክሪን ስታሳዩት ግን «ልጁ ለፍቶበታል» ብሎ ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ይመጣል።

(ምስል፦ አምስት ባዶ ወንበሮች።)

ስንት ሰው ያስፈልጋል? ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የተጠቃሚ ሙከራ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፋት ጽሑፍ ይሄን ጥያቄ የዘጋች ይመስላል፦ 5 ሰው ይበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። ባጠናቸው ፕሮጀክቶች አንድ ሰው በአማካይ ካሉት ችግሮች 31 በመቶውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ሰው ከፊሉን ይደግማል፣ ከፊሉን አዲስ ይጨምራል፣ አምስተኛው ላይ 85 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን በዓመቱ ጃሬድ ስፑልና ዊል ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች የግዢ ዌብሳይቶችን ሞክረው የመጀመሪያዎቹ 5 ሰዎች 35 በመቶ ገደማ ብቻ እንዳገኙ አሳዩ። የማን ይታመን? ለኛ ዓይነት ሥራ የሚጠቅመው ኒልሰን ራሱ እዚያው ጽሑፍ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ 15 ሰው ካላችሁ በአንዴ አትጨርሷቸው፤ አምስት አምስት አድርጋችሁ በየመሀሉ እያስተካከላችሁ ሞክሩ። ቁጥሯ 5 ስለሆነች ሳይሆን ዙሩ ስለሚደጋገም ነው የሚሠራው።

የክፍል ጓደኞቻችሁን ግን አትቁጠሩ። በተን የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፤ ደግሞ ይራሩላችኋል። እኔ ያገኘኋቸው እዚያው ኬክ ቤት ነው፣ በባለቤቷ ፈቃድ፣ ማኪያቶ በእኔ ሒሳብ።

(ምስል፦ ጠረጴዛ። ስልክ፣ ማስታወሻ፣ ሁለት ሰዎች።)

ሲጀመር የሚባለው ይሄ ነው፦ «የምንፈትነው ዌብሳይቱን ነው፣ እርስዎን አይደለም። ከተሳሳቱ ጥፋቱ የኛ ነው። በፈለጉ ሰዓት ማቆም ይችላሉ። ስክሪኑን ብንቀዳው ይፈቅዳሉ?» ከዚያ ሥራውን በሕይወት ቋንቋ ስጧቸው። «ይዘዙ የሚለውን ይጫኑ» ካላችሁ ፈተናው አበቃ፣ መልሱን ነግራችኋቸዋል። «ቅዳሜ የእህትዎ ልጅ ልደት ነው፣ 15 ሰው ይመጣል» በሏቸው፤ የቀረውን እነሱ ይፈልጉት።

ቀጥሎ ዝም ማለት ነው። ከባዱ እሱ ነው። ሰው ፊታችሁ ሲቸገር እያያችሁ ዝም ማለት በኛ አስተዳደግ ነውር ነው፤ እጃችሁ ራሱ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። እኔ በሁለተኛዋ ሰው ላይ «እዚህ ጋ ነው» ብዬ ጠቆምኳት፤ የእሷን ውጤት መጣል ነበረብኝ።

መጽሐፉ «የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ጠይቁ» ይላል። ሞከርኩት። አንድ የባንክ ሠራተኛ «እሺ» አለና ለ3 ደቂቃ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰው ብቻውን ማውራት ያፍራል። ሁለት ነገር ረዳኝ። አንደኛው፣ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን አንድ ስልክ ላይ ማስቀመጥ። እናትና ልጅ አስቀመጥኩ፦ «ኧረ እሱን አይደለም» «ታዲያ የቱን?» «ይቺ ጋሪ ምንድን ናት?» ጥያቄ ማቅረብ ሳያስፈልገኝ ሁሉንም ሰማሁ። ሁለተኛው፣ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር መቀያየር። የኔን እሷ ትፈትናለች፣ የእሷን እኔ። «ይሄን የሠራሁት እኔ አይደለሁም» ስትል እውነቷን ነው። ያኔ ይሉኝታው ላላ ይላል፤ «እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ» የሚል ወሬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

(ምስል፦ በተን በቅርበት፦ «ወደ ጋሪ ጨምር»።)

ጋሪዋ ይቺ ናት። ከእንግሊዝኛው ገልብጬ ያስገባኋት። እናትየው ፈረስ የሚጎትተው ነው የመሰላቸው፤ «በጋሪ ታደርሳላችሁ እንዴ?» አሉ። ልጅየዋ ሳቀች፤ እኔም ከጀርባ ሆኜ። ግን ቃሏ ብቻ አልነበረም ችግሩ፤ በአንድ ትዕዛዝ አንድ ቶርታ ለሚገዛ ሰው ማጠራቀሚያ ምን ያደርግለታል? ጋሪው ራሱ ወጣ። በተኑ «ይዘዙ» ሆነ። መጀመሪያ «እዘዝ» ነበር፤ ግማሹ ደንበኛ ሴት፣ ሌላው ግማሽ በዕድሜ አባቴ የሚሆን። አንቱታው ሁለቱንም አዳነኝ።

(ምስል፦ የቀን መምረጫ፣ ጃንዋሪ። ጣት 12ን ትነካለች።)

አሁን ቆም ብላችሁ ይቺን እዩልኝ። ሴትየዋ ቶርታውን የፈለገችው ለጥር 12 ነው። የብራውዘሩ ካላንደር ተከፈተ፤ 12ን አየች፣ ነካች። «ገባ» አለች። ምንም ስህተት አልታየም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። የነካችው ግን ጃንዋሪ 12ን ነው። በአብዛኛው ዓመት ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ይውላል፣ ስለዚህ ያዘዘችው ለጥር 4 ነው። ስምንት ቀን ቀድሞ የሚደርስ የልደት ቶርታ!

ሰዓቱ ከዚህ የባሰ ነው። የምትፈልገው ከቀኑ 9 ሰዓት። ከዝርዝሩ 9:00 መረጠች። ኮምፒውተሩ የገባው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። «የሥራ ሰዓት» ላይ ደግሞ 8:00 ብዬ ስለጻፍኩ አንድ ጎልማሳ «ከምሳ በኋላ ነው እንዴ የምትከፍቱት?» ብሎ ጠየቀ። ልክ ነው፣ ስምንት ሰዓት ማለት ያ ነው። ይሄን ስህተት የትኛውም የእንግሊዝኛ የዲዛይን ትምህርት አይነግራችሁም፤ ጥያቄ ብትጠይቁም አታገኙትም፤ ሰውየው ራሱ መሳሳቱን አያውቅማ።

እንዲህ አስተካከልነው። ካላንደሩን አወጣነው። ባለቤቷ ከ10 ቀን በላይ ቀድመው ትዕዛዝ ስለማይቀበሉ ዝርዝር በቂ ነው፦ «ነገ፣ ሐሙስ ጥር 7»፣ «ዓርብ ጥር 8»። የዕለቱ ስም አብሮ ስላለ ሰው ራሱን ያርማል። ቀኑን በእጅ ማስላት አያስፈልግም፤ ጃቫስክሪፕት (የዌብሳይት ፕሮግራም ቋንቋ) ውስጥ ያለው ኢንትል (Intl) የሚባል መሣሪያ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። ሰዓቱን ደግሞ «ጠዋት፣ ከ2 እስከ 6» እና «ከሰዓት፣ ከ6 እስከ 11» በሚሉ ሁለት ትልልቅ በተኖች ተካነው። ለባለቤቷ ደብተር ከዚህ የጠበቀ ሰዓት አያስፈልግም።

(ምስል፦ የቶርታ ንድፍ፦ «እንኳን ተወለድሽ»።)

ቶርታው ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ሌላ ጉድ አመጣ። ርዝመቱን በ30 ባይት ገድቤው ነበር። በእንግሊዝኛ ሞክሬው ሠርቷል። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ኮድ) ግን አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የኛ ፊደል 3 ይይዛል። «እንኳን ተወለድሽ» 9 ፊደልና 1 ክፍት ቦታ ናት፣ 28 ባይት። የቀረው 2 ባይት ለስሟ አንድ ፊደል እንኳ አይበቃም። የልደቷ ልጅ ስም የሌለው ቶርታ! በፊደል ቁጥር ይቁጠር አልነው። ደግሞ የተጻፈው እንዳለ በቶርታ ሥዕል ላይ እንዲታይ አደረግን፤ ሐና በየትኛው «ሐ» እንደምትጻፍ እናቷ ናት የምታውቀው።

ፎቶዎቹን በአጭሩ፦ ከስልክ በቀጥታ የጫንኳቸው እያንዳንዳቸው ከ3 ሜጋባይት በላይ ነበሩ። ዋይፋይ አጥፍታችሁ በራሳችሁ ፓኬጅ ክፈቱት፣ ሒሳቡ ያስተምራችኋል። ቀለሙም እንዲሁ። ሮዝ በነጭ ላይ ቤት ውስጥ ያምራል፤ ከበረንዳ ውጪ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ምንም አይታይም። የጽሑፍና የጀርባ ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ መለኪያው በነጻ ብራውዘሩ ውስጥ አለ።

(ምስል፦ አንዲት ልጅ ስልክ ይዛ ከሐውልቱ ስር ትነሣለች።)

የአድራሻውን ሙከራ የሠራነው በእግር ነው። እንግዳ የሆነች ጓደኛዬን ሐውልቱ ጋ አቆምኳት፦ «ዌብሳይቱን ብቻ እያነበብሽ ነይ፣ አትደውዪ።» «አራዳ ክፍለ ከተማ» የሚለውን አልፋ «ከሰማያዊው አጥር ፊት ለፊት» የሚለው ላይ ቆመች። ሰማያዊ አጥር የለም። ከ2016 ወዲህ ኮሪደር ልማቱ መንገዱን ሲያሰፋ አጥሩ ሄዷል፤ ባለቤቷ ግን ዛሬም በእሱ ነው አቅጣጫ የሚናገሩት። 20 ደቂቃ ከዞረች በኋላ ጫማ የሚያሳምር ልጅ ጠይቃ ደረሰች። አሁን የተጻፈው ከሐውልቱ ተነሥቶ ወደ አምስት ኪሎ አቅጣጫ ስንተኛው ቅያስ እንደሆነ ነው፣ ከስሩ ደግሞ የበሩ ፎቶና «ይደውሉ» የሚል በተን አለ። ሰው ማፑን ከመክፈት ይልቅ እሱን ነው የሚነካው፤ እኔ ከገጹ መጨረሻ ደብቄው ነበር።

መጠይቅም ሞልተናል። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ኤስዩኤስ (አንድ ነገር ለአጠቃቀም ምን ያህል እንደሚመች የሚለካ መጠይቅ) 10 ዓረፍተ ነገር አለው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ነው፣ 68 አማካይ ተደርጎ ይወሰዳል። የኔ በጣም ከፍ ያለ ነበር፤ ማዘዝ ያልቻሉትም ጭምር ዌብሳይቱን በሚያሞግሱት ዓረፍተ ነገሮች «በጣም እስማማለሁ» ላይ አክብበውልኛል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ የሰጡትን ነጥብና ያደረጉትን ነገር።

(ምስል፦ ያው ጠረጴዛ፣ ሌላ ቀን። ያው አውራ ጣት።)

በሁለተኛው ዙር እኒያን እናት ለመንኳቸውና መጡ። «ነገ፣ ሐሙስ» የሚለውን ነኩ። «ከሰዓት» ነኩ። የልጅቷን ስም ጻፉ፣ ከቶርታው ሥዕል ላይ አነበቡት፣ አንድ ፊደል አረሙ። በዚህ ጊዜ «ያምራል» አላሉኝም። ኪሎ የሚመረጥበት ላይ ቆም ብለው፣ ስክሪኑን ሳያነሡ፣ «1 ኪሎ ለስንት ሰው ይበቃል?» አሉ።

ዌብሳይቱ ላይ የለም። ማስታወሻዬን አወጣሁ።