ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩ የት ይገባል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ስኳር በሽታና እንቅስቃሴ ባወራንበት ዝግጅት ስልኩ ፋታ አልነበረውም። በሰዓቱ መልስ ያላገኙትን ጥቂት ጥያቄዎች እዚህ አቆይቻቸዋለሁ። የደም ስኳር ቁጥሮቹ ሁሉ በሚግ/ዴሊ ናቸው።

ከደሴ የደወሉ አባት፦ «ከምሳ በኋላ ስኳሬን ስለካ 210 ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄጄ ስመለስ 160 ሆነ። መድኃኒት አልጨመርኩም። ስኳሩ የት ሄደ?»

አባቴ፣ አብዛኛው የገባው እግርዎ ጡንቻ ውስጥ ነው።

ስኳር የጡንቻን ሴል ሽፋን ዝም ብሎ አያልፍም። በር ያስፈልገዋል። በሩ ግሉት 4 የሚባል ፕሮቲን ነው። ሰው አርፎ ሲቀመጥ አብዛኛው ግሉት 4 ሴሉ ውስጥ፣ በጥቃቅን ከረጢቶች ታጭቆ ይቆያል። ምግብ ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊኑ ከሴሉ ውጪ ሆኖ መልእክት ያስተላልፋል። ያኔ ከረጢቶቹ ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፣ ስኳሩም ይገባል።

የሚሠራ ጡንቻ ግን ኢንሱሊንን አይጠብቅም። እንዲያውም ስንንቀሳቀስ ቆሽት የሚለቀው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ጡንቻው የሚወስደው ስኳር ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከሰውነት ወጥቶ ኢንሱሊን በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ የአይጥ ጡንቻም በኤሌክትሪክ ሲኮማተር ስኳር ይወስዳል።

ምልክቱ የሚመጣው ከራሱ ከሥራው ነው። ጡንቻ እንዲኮማተር ውስጡ ካልሲየም ይለቀቃል። ጉልበት ሲያወጣ የኃይል ክምችቱ ይጎድላል፤ ጉድለቱን ኤኤምፒኬ የሚባል ኤንዛይም ያውቀዋል። የጡንቻው መወጠርም ራሱን የቻለ ምልክት ነው። አንዱ ብቻውን ሁሉን ነገር አይሠራም፤ ተባብረው ነው ግሉት 4ን ወደ ሽፋኑ የሚያወጡት። በዚያ ላይ ወደሚሠራው ጡንቻ የሚሄደው ደም ይበዛል። የገባውም ስኳር ወዲያው ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ስለሚለጠፍበት ተመልሶ መውጣት አይችልም።

ይህ ነገር መታየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1887 እ.ኤ.አ. ሾቮና ካውፍማን የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪዎች ፈረስ ድርቆሽ ሲያላምጥ የማኘኪያ ጡንቻው ከደሙ የሚወስደው ስኳር ከፍ እንደሚል ለክተው አሳይተዋል። ኢንሱሊን የተገኘው ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከአዲስ አበባ የደወሉ እህት፦ «ዓይነት 2 ስኳር አለብኝ። ሐኪሜ ሰውነትሽ ኢንሱሊንን አልቀበል ብሏል አለኝ። ታዲያ ብሄድ ብሄድ ምን ይጠቅመኛል?»

በጣም ይጠቅምሻል፣ እህቴ። እንዲያውም ለአንቺ ነው የበለጠ የሚያስፈልገው። የተበላሸው የኢንሱሊን መልእክት የሚያልፍበት መንገድ ነው። ጡንቻው ሲኮማተር የሚጠቀምበት መንገድ ሌላ ነው፤ እሱ ደህና ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሰዎች ብስክሌት ከመንዳታቸው በፊትና በኋላ ከጭናቸው ቅንጣት ጡንቻ ተወስዶ ታየ። ግሉት 4 ልክ እንደ ጤነኞቹ ወደ ሽፋኑ ወጥቷል።

ሌላም አለ። ከእንቅስቃሴ በኋላ የሠራው ጡንቻ ኢንሱሊንን የመቀበል አቅሙ ከፍ ይላል፤ ይህም እስከ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ሰዎችን በአንድ እግራቸው ብቻ አሠርተው፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ኢንሱሊን ሲሰጧቸው የሠራው እግር ካረፈው የበለጠ ስኳር ወሰደ። ደሙ ያው ደም ነው፤ ልዩነቱ ጡንቻው ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን በተከታታይ አትዝለይ። ቅዳሜ ብቻ በስፖርት ራስን ማድከም ትርፍ የለውም። ከምግብ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ ስኳሩ ደም ውስጥ የሚበዛበት ስለሆነ ለእግር ጉዞ ምርጥ ነው።

ከቨርጂኒያ የደወለ የታክሲ ሹፌር፦ «ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ። ጂም የምሄድበት ጊዜ የለኝም።»

ጂም ግዴታ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ መቀመጥህን አቋርጥ የሚባለው ምክር ለአንተ ይከብዳል፤ ግን ተሳፋሪ በምትጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ውረድ። በጣትህ ቁም፣ ተረከዝህን አንሳ፣ ቁጭ ብድግ በል። የጭንና የባት ጡንቻዎች ትልልቅ ናቸው፤ ብዙ ስኳር ይወስዳሉ።

ከሐዋሳ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ዓይነት 1 ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ከሰዓት ኳስ ተጫውታ ማታ በደህና ተኛች። ሌሊት በላብ ተጠምቃ ነቃች፤ ስለካት 58። በልታ ነበር እኮ!»

እናቴ፣ መደንገጥዎ አያስገርምም። ዓይነት 1 ማለት ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት ያቆመበት ስኳር ነው፤ ስለዚህ በመርፌ ይተካል። የጤነኛ ሰው ኢንሱሊን በጨዋታ ሰዓት ራሱ ይቀንሳል። በመርፌ የገባው ግን አይቀንስም። ስለዚህ ኢንሱሊኑም ጨዋታውም በአንድ ጊዜ በሩን ይከፍታሉ። ጨዋታው ካለቀ በኋላም ጡንቻው የጨረሰውን ስንቅ፣ ግላይኮጅን የሚባለውን፣ ለመተካት ለብዙ ሰዓት ስኳር መሳቡን ይቀጥላል። ሌሊት የወረደው ለዚህ ነው።

ከጨዋታ በፊት ትለካ። ከ90 በታች ከሆነ ቀድማ ዳቦ ወይም ሙዝ ትብላ። ልትሮጥ ስትል ጭኗ ላይ አትወጋ፤ የሚሠራ እግር ኢንሱሊኑን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል፣ ሆዷ ይሻላል። በጨዋታ ቀን ከመተኛቷ በፊትም ትለካ። የመጠኑን ቅነሳ ከሐኪሟ ጋር ወስኑ፤ በግምት አይሆንም።

ከ70 በታች ከወረደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩላት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አይስጡ። በጎኗ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዷት።

ከባሕር ዳር የደወለ ወጣት፦ «እኔም ዓይነት 1 ነኝ። ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ስኳር ከወሰደ፣ በደንብ እየሮጥኩ መርፌውን ብተወውስ?»

አይሆንም፣ ወንድሜ። ኢንሱሊን ሥራው ጡንቻ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጉበትንም ይቆጣጠራል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ጉበት ያለ ልክ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ስብም ይፈርሳል፣ ኪቶን የሚባል አሲድ ይከማቻል። በዚያ ሁኔታ መሮጥ ስኳሩን ጭራሽ ያንረዋል። ስኳርህ ከ250 በላይ ሆኖ ኪቶን ከታየ፣ ወይም ካቅለሸለሸህና ካስመለሰህ፣ አትሩጥ፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ሂድ።