ሲሸነፍ የኖረ ቡድን እንዴት 2 ቢሊዮን ዶላር አወጣ?

ሰላም ሰላም! ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን ስለ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ነው። ዶናልድ ስተርሊንግ ቡድኑን በፈረንጆች 1981 በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2014 የቀድሞው የማይክሮሶፍት አለቃ ስቲቭ ባልመር ስንት ከፈለበት? 2 ቢሊዮን! 160 እጥፍ! በዚያ ሁሉ ዓመት ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ስተርሊንግ ደግሞ በዘረኛ ንግግሩ ከሊጉ ታግዶ፣ ሳይወድ ነው የተሸጠበት።

እሺ፣ ቦሌ ያለ አሮጌ ጭቃ ቤት አስቡ። ጣሪያው ያፈሳል። ክረምት ሲመጣ ሳፋው አልጋው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እናንተ መሬት ትተኛላችሁ። ተከራዩ ሁለት ወር አልከፈለም። ደላላው ግን ጣሪያውን ቀና ብሎ እንኳን አያይም። በሩ ላይ ቆሞ ግቢውን በእርምጃ ይለካና "አስፋልት ዳር ነው አይደል?" ይላል። አለቀ! የሚሸጠው ቤቱ አይደለም፣ ቦታው ነው። (መሬት የመንግሥት ነው ብላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቀጭቁኝ። ለደላላው ንገሩት።)

ክሊፐርስም ያው ነው። ቤቱ ያፈሳል፣ ሰፈሩ ግን ኤንቢኤ ነው፣ የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ። 30 ቦታ ብቻ፣ መውረድ የለም፣ የቴሌቪዥኑን የአገር አቀፍ ገንዘብ እኩል ይካፈላሉ፣ የደሞዝ ጣሪያም አለ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ገደብ አለው። እንግሊዝ ግን በየዓመቱ ሦስት ቡድን ከፕሪምየር ሊጉ ይወርዳል። በአንድ መጥፎ ዓመት ከቦሌ ትነቀላላችሁ ማለት ነው።

ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ግማሻችሁ "ሮናልዶ ማንቸስተር ሲመለስ ማሊያው ብቻ ዋጋውን መለሰ" ብላችኋል። ኧረ በፈጠራችሁ! አዲዳስ ከ2015 ጀምሮ ለ10 ዓመት 750 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ነው የተዋዋለው። ክለቡ ያኔ ከማሊያ ዋናውን ገንዘብ ያገኝ የነበረው ከዚያ ውል ነው። በየሱቁ ከሚሸጥ ማሊያ አብዛኛውን የሚወስዱት አምራቹና ነጋዴው ናቸው። እኔ የለበስኳት 7 ቁጥር ደግሞ የመርካቶ ናት፣ ከእሷ አዲዳስም ሳንቲም አላየም። እዚህ ድረስ አይታችሁ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?

ወደ ባልመር ልመለስ። ያኔ ብዙ ሰው "ተበላ" ብሎት ነበር። በ2025 እዚያው ኤንቢኤ ሰፈር ያለው ቦስተን ሴልቲክስ በ6.1 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዛሬ ደላላ ቢልኩበት ስንት እንደሚጠራ እናንተው አስሉት።